በሩን ክፈቱት፦ ትናንሽ ልጆችን በቤት ውስጥ ፎቶ ስለማንሳት



ፈተና አልቆ ወደየቤታችን ልንበተን ጥቂት ሳምንታት ቀርተውናል። ቤት ስንደርስ ከሚጠብቁን ሥራዎች አንዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። «አንተ የተሻለ ስልክ አለህ፤ እስኪ ይህችን ልጅ አንሳትና ለእናቷ ላክላት» እንባላለን። እናትየው ሳዑዲ፣ ኩዌት ወይም ቤይሩት ናት። ስትሄድ ጡት ያስጣለቻት ልጅ ዛሬ አሊፍ፣ ባ፣ ታ ማለት ጀምራለች። እናት የልጇ ጥርስ ሲበቅልና ሲነቀል የምታየው በሚላክላት ፎቶ ብቻ ነው። እኛም እናነሳለን፣ እንልካለን። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ግን «ማሻአላህ አድጋለች፤ ፊቷ ግን በደንብ አልታየኝም» የሚል ነው።

ፊቷ ያልታየው ስልኩ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ልጅቷ የተቀመጠችበት ቦታ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልጆችን በቤት ውስጥ ስናነሳ ብርሃኑን ከየት እንደምናመጣና ምን ዓይነት ሌንስ እንደሚያዋጣ እናብራራለን። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ብርሃን፣ ቀጥሎ የልጁ መቀመጫ፣ በመጨረሻ ሌንስ። ብዙዎቻችን ገንዘባችንን የምናወጣው በተቃራኒው ስለሆነ ነገሩ ከሥሩ ቢታይ ይሻላል።

ቤታችን ለምን ይጨልማል?

ምሳሌ የምናደርገው ዘመሮን ነው፤ በደንብ የምናውቀው እሱን ነውና። ዘመሮ በመንዝ ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። ደጋው በብዙ ቦታ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ይጠጋል። የቤቱን ቅርጽ የወሰነው ብርዱ ነው። የድሮው ቤት ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ካብ ነው፤ በሩ ጠባብ፣ መስኮቱ ትንሽ ነው፤ ጭራሽ የሌለውም አለ። ጣሪያው የጓሳ ሣር ወይም ቆርቆሮ ሲሆን ውስጡ ከምድጃው ጭስ የተነሳ ጠቁሯል። እንዲህ ያለ ቤት ሌሊቱን ሙቀት ይዞ ያድራል። ሙቀት እንዳይወጣ የተዘጋው ቀዳዳ ሁሉ ግን ብርሃንም እንዳይገባ ተዘግቷል። የገባችውን ጥቂት ብርሃን ደግሞ ጥቀርሻ የለበሰው ግድግዳ ይውጣታል። በኖራ ወይም በጀሶ የነጣ ግድግዳ የሚደርሰውን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ወደ ክፍሉ ይረጫል፤ የጠቆረ ግድግዳ የሚመልሰው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ጨለማውን እኛ ልብ አንለውም። ዓይናችን ከደጅ ስንገባ ለጥቂት ደቂቃ ይቸገርና ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በደንብ የሚታየን ይመስለናል። ካሜራ እንዲህ ያለ ልማድ የለውም። ለእኛ ደህና ብርሃን ያለው የመሰለን የቤቱ ጥግ፣ ከደጁ ብርሃን ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ጨለማው ክፍልና ኢብኑል ሀይሠም

ካሜራ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ከኢብኑል ሀይሠም የተሻለ አስተማሪ የለም። በ965 ገደማ በበስራ ተወልዶ በ1040 አካባቢ በካይሮ ያረፈው ይህ ሊቅ ስለ ብርሃንና ስለ ማየት «ኪታብ አል-መናዚር» የተባለውን መጽሐፍ ጽፏል። ከእርሱ በፊት ብዙ ሊቃውንት ዓይን ጨረር እየላከ ነገሮችን ይነካል ብለው ያምኑ ነበር። እርሱ ግን የምናየው ብርሃን ከነገሮች ተነስቶ ወደ ዓይናችን ስለሚገባ መሆኑን በክርክርም በሙከራም አስረዳ። ከሙከራዎቹ አንዱ በጨለማ ክፍል የተደረገ ነው። ትንሽ ቀዳዳ ካለው ክፍል ፊት ለፊት በርካታ መብራቶችን በተለያየ ቦታ አኖረ። በክፍሉ ውስጥ ባለው ግድግዳ ላይ የእያንዳንዱ መብራት ብርሃን ለየብቻው ታየ። አንዱ መብራት ሲጋረድ የእርሱ ብርሃን ብቻ ጠፋ። ብርሃን ቀጥ ብሎ እንደሚሄድና የተለያዩ ብርሃኖች በአንድ ቀዳዳ ሲያልፉ እንደማይቀላቀሉ በዚህ ታወቀ።

«ካሜራ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው የሚል ጽሑፍ በየግሩፑ ይዞራል። ቃሉ ላቲን ነው፤ ትርጉሙም «ክፍል» ማለት ነው። የኢብኑል ሀይሠም ደረጃ በቃሉ ምንጭ ላይ የተንጠለጠለ ስላልሆነ ይህን በመናገራችን የሚጎድልበት ነገር የለም።

ነገሩን ዘመሮ ሆነን ልንሞክረው እንችላለን። ፀሐይ በወጣበት ቀን በሩን ዘግተን በሳንቃው ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ብንተው፣ ከቀዳዳዋ ፊት ለፊት በተዘረጋ ነጭ ጨርቅ ላይ ደጁ ተገልብጦ ይታያል። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ምክንያቱም በትንሽ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ትንሽ ነው። ቀዳዳውን ብናሰፋው ምስሉ ይደምቃል፤ ግን ይደበላለቃል። ሌንስ የተሠራው ለዚህ ነው፦ ቀዳዳው ሰፍቶ ብዙ ብርሃን ሲገባም መስታወቱ ብርሃኑን ሰብስቦ ምስሉን ጥርት ያደርገዋል።

እንግዲህ ፎቶ ማንሳት ዝናብ በባልዲ እንደማጠራቀም ነው። ባልዲው ቶሎ እንዲሞላ ወይ ዝናቡ መበርታት አለበት፣ ወይ የባልዲው አፍ መስፋት አለበት፣ ወይ ባልዲው ደጅ ብዙ መቆየት አለበት። የዝናቡ ብርታት በቤቱ ያለው ብርሃን ነው። የባልዲው አፍ የሌንሱ አፐርቸር ነው፤ በኤፍ ቁጥር ይነገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። የቆይታው ጊዜ የሸተር ፍጥነት ነው። እነዚህ ሦስቱ ካልበቁ ካሜራው ያገኘውን ጥቂት ብርሃን በኤሌክትሮኒክስ ያጎላዋል፤ ይህ አይኤስኦ ይባላል። ሲበዛ ግን ፊቱ ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል።

አዋቂን ስናነሳ ከሦስቱ አንዱን፣ ማለትም ጊዜን፣ ማራዘም እንችላለን፤ «አትንቀሳቀስ» ብንለው ይሰማናል። ልጅ ግን አይሰማም። በሰከንድ አንድ ሜትር የምትንቀሳቀስ እጅ ሸተሩ ለ1/10 ሰከንድ ከተከፈተ 10 ሴንቲሜትር ትሄዳለች፤ ፎቶው ላይ እጅ ሳይሆን ጭጋግ ይወጣል። በ1/160 ሰከንድ ግን የምትሄደው 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ለሚጫወት ልጅ 1/160 እና ከዚያ በላይ ፈጣን፣ ተቀምጦ ለሚቀራ ልጅ ቢያንስ 1/80 ያስፈልገናል። ስልኮች ያላቸው የማታ ሞድ ብዙ ፎቶዎችን በተከታታይ አንስቶ ስለሚደርብ ለተራራና ለመስጂድ ሚናራ ጥሩ ነው፤ ለሁለት ዓመት ሕፃን ግን አይሆንም።

አምፖል ወይስ በር?

እስቲ እናስላው። የተለመደው 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ወደ 800 ሉመን ብርሃን ይሰጣል። ብርሃኑ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይበተናል ብንል፣ 2 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ልጅ የሚደርሰው 800 ለ4 x 3.14 x 2 x 2 ሲካፈል ነው፤ ውጤቱ 16 ሉክስ ገደማ ይሆናል። በደመናማ ቀን በተከፈተ በር አጠገብ ግን 600 ሉክስና ከዚያ በላይ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ልዩነቱ ወደ 40 እጥፍ ነው።

ይህ በካሜራው ላይ ምን ማለት ነው? አፐርቸሩ ኤፍ 1.8 በሆነ ሌንስና በ1/160 ሰከንድ ብናነሳ፣ በር አጠገብ አይኤስኦ 200 ይበቃል። ከአምፖሉ ሥር 2 ሜትር ርቀን በዚያው ፍጥነት ለማንሳት ግን አይኤስኦ 8000 ያስፈልጋል። ስልክ ወይም የቆየ ካሜራ በ8000 የሚያነሳው ፊት ዝርዝሩ ይጠፋል። ውድ ካሜራ ይዞ አምፖል ሥር ከሚያነሳ ሰው ይልቅ መካከለኛ ስልክ ይዞ በር አጠገብ የሚያነሳ ሰው የተሻለ ፎቶ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከበሩ ያለው ርቀትም ብዙ ለውጥ ያመጣል። ስፋቱ 80 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 1.8 ሜትር የሆነ በር ወስደን አስልተነዋል። በሩን ፊት ለፊት የሚያይ ልጅ 1 ሜትር ላይ ሲቀመጥ የሚያገኘውን ብርሃን 100 ብንለው፣ 2 ሜትር ላይ 34፣ 3 ሜትር ላይ 17፣ 4 ሜትር ላይ ወደ 10 ይወርዳል። ልጁን ከጓዳ አንስቶ ወደ በሩ ሦስት ሜትር ማምጣት ብርሃኑን በአሥር እጥፍ ይጨምራል። በገንዘብ የሚገዛ ሌንስ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣው እጅግ ሲሳካለት ነው።

ልጁን የት እናስቀምጠው?

ልጁን ከበሩ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ወደ ውስጥ፣ በርጩማ ወይም ምንጣፍ ላይ እናስቀምጠው። በሩን በትይዩ ሳይሆን በሰያፍ ይይ። እኛ በሩን ከጎናችን አድርገን እንቁም። እንዲህ ሲሆን ብርሃኑ ከአንድ ወገን ገብቶ የአፍንጫና የጉንጭ ቅርጽ ያወጣል። ዓይኑ ብሌን ውስጥ የበሩ ነጸብራቅ ነጭ ሆኖ ከታየን ቦታው ልክ ነው። ያ ነጥብ ከሌለ ልጁን ትንሽ ወደ በሩ እናዙረው።

በሩ ከልጁ ኋላ መሆን የለበትም። ካሜራው የበሩን ድምቀት አይቶ ሁሉንም ያጠቁረዋል፤ ልጁ ጥላ ሆኖ ይቀራል። እናት «ፊቷ አልታየኝም» የምትለው ፎቶ በአብዛኛው እንዲህ የተነሳ ነው።

ከበሩ ተቃራኒ ያለው የፊቱ ግማሽ በጣም ከጠቆረ ነጭ ነገር በዚያ በኩል እናቁም። ነጭ አንሶላ፣ ወንበር ላይ የተንጠለጠለ ነጠላ፣ ያልቆሸሸ ነጭ የዱቄት ማዳበሪያ ይበቃል። ለልጁ በቀረበ ቁጥር ይሠራል፤ ከፎቶው ጠርዝ ውጭ እስከሆነ ድረስ ግማሽ ሜትር ላይ ይሁን። ነጭ ሒጃብ የለበሰች ልጅ ደግሞ ይህ መሣሪያ ከአገጯ ሥር አብሯት አለ።

አምፖሉን እናጥፋው። የበሩ ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ የአምፖሉ ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫ ያደላል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግማሽ ፊት ቢጫ፣ ግማሽ ፊት ሰማያዊ ይሆናል፤ በኋላ ለማስተካከልም አይመችም።

ብርዱንም አንርሳ። የመንዝ ነፋስ በተከፈተ በር ሲገባ ቀልድ አይደለም። ሌላውን ሁሉ አዘጋጅተን፣ ልጁን በጋቢ ጠቅልለን ካስቀመጥን በኋላ በሩን እንክፈት፤ አምስት ደቂቃ አንስተን እንዝጋ። ካሜራውም ከብርድ ወደ ምድጃ ሙቀትና እንፋሎት ሲገባ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል። ከማንሳታችን በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ቦርሳው ውስጥ ሆኖ ቤቱን ይልመድ። የስልክ ሌንስ ደግሞ ኪስ ውስጥ ቅባትና አቧራ ስለሚይዝ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ እንጥረገው። ፎቶው በጭጋግ የተሸፈነ ከመሰለ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ይህንን ነው።

በየትኛው ሰዓት?

ፊቅህ ስንቀራ የዙህርንና የዐስርን መግቢያ በጥላ መለካት ተምረናል። ያው ትምህርት እዚህ ይጠቅመናል። በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ ዐስር የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ፣ በቀትር ከነበረው ጥላ በተጨማሪ፣ የነገሩን ቁመት ያህል ሲረዝም ነው። ይህ ማለት ፀሐይዋ ከአድማስ 45 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ወርዳለች ማለት ነው። ስለዚህ ከዐስር በኋላ በሩ ወደ ምዕራብ በሚያይ ቤት የፀሐይ ጨረር ቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል። 1.8 ሜትር ቁመት ባለው በር ቢያንስ 1.8 ሜትር ገብቶ ወለሉ ላይ ያርፋል። ወደ ምሥራቅ በሚያይ ቤት ይህ የሚሆነው ጧት ነው።

ቀጥታ ጨረር ልጁ ፊት ላይ እንዲያርፍ አንፈልግም፤ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጥላውም ይከርራል። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ልጁን ፀሐይዋ ከምትደርስበት መስመር ትንሽ አልፎ ማስቀመጥ ነው። ወለሉ ላይ ያረፈው ብርሃን ወደ ላይ እየነጠረ ለስላሳ ብርሃን ይሰጠዋል። ሁለተኛው በሩ ላይ ስስ ነጭ ነጠላ መጋረጃ አድርጎ መስቀል ነው። ያኔ በሩ ራሱ ለስላሳ መብራት ይሆናል።

ዘመሮ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ 56 ዲግሪ ላይ ትቆማለች። ያኔ ደቡብ በሚያይ በር 1.2 ሜትር ያህል ትገባለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ በቀትር አናት ላይ ናት፤ በእነዚህ መካከል ደግሞ ጥቂት ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ክረምት ላይ ሰማዩ ደመና ሲለብስ ሰዓት መምረጥ አያስፈልግም፤ ደመናው ራሱ ትልቅ ነጭ መጋረጃ ነውና ከዱሓ እስከ ዐስር ያለው ጊዜ ሁሉ ይሆናል።

ሌንስ

ብርሃኑ ከተስተካከለ በኋላ ሌንስ ወደመምረጥ እንምጣ።

የስልክ ዋናው ካሜራ ሰፊ ቦታ የሚያይ ነው። ፊቱን ለመሙላት ስንጠጋ አፍንጫው ይተልቃል፣ ጆሮው ይሸሻል። ምክንያቱ ሒሳብ ነው፦ 30 ሴንቲሜትር ላይ ሆነን ስናነሳ ከአፍንጫው 10 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ያለው ጆሮ 40 ሴንቲሜትር ይርቃል፤ ልዩነቱ የርቀቱን ሲሶ ያህል ነው። 1.5 ሜትር ላይ ቆመን ብናነሳ ግን ያው 10 ሴንቲሜትር ከመቶ 7 ብቻ ነው። ስለዚህ በስልክ ስናነሳ 1.5 ሜትር ያህል ርቀን እናንሳ፤ ትርፉን ቦታ በኋላ እንቁረጥ።

በብዙ ካምፓሶች በተማሪ እጅ የሚገኙት ካሜራዎች አነስ ያለ ሴንሰር ያላቸው ካኖንና ኒኮን ናቸው። አብሯቸው የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሆነ ዙም ሌንስ ነው። ይህ ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ አፐርቸሩ ከኤፍ 5.6 በላይ አይሰፋም። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ ሁለተኛ ሌንስ የሚገዛ ሰው ከረጅም ዙም ይልቅ ዙም የሌለው፣ አፐርቸሩ ሰፊ የሆነ ሌንስ ይግዛ።

50 ወይስ 35 ሚሊሜትር? መልሱ የክፍሉ ስፋት ነው። ካሜራውን አቁመን በ50 ሚሊሜትር ሌንስ 2 ሜትር ርቀን ብናነሳ የሚገባው ቁመት 89 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ የተቀመጠ ልጅ ወይም ከወገብ በላይ ይበቃል። ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ ልጅ ቆሞ ሙሉ እንዲገባ 2.5 ሜትር ያህል መራቅ አለብን። በ35 ሚሊሜትር ግን በ2 ሜትር ርቀት 1.27 ሜትር ይገባል። ጠባብ ቤት ላለው 35 ይሻላል፤ ሳሎኑ ሰፊ ለሆነ ወይም ፊት ብቻ ለሚያነሳ 50 ይሻላል። በአብዛኛው 50 ከሌሎቹ ይረክሳል። ከመግዛታችን በፊት ያለንን ዙም 35 ላይ፣ ከዚያ 50 ላይ አድርገን ቤታችን ውስጥ ቆመን እንይበት፤ ወጪ የለውም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች በውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። የቆየ፣ ሞተር የሌለው ሌንስ ከተገዛላቸው ፎከሱን በእጅ ማዞር ግድ ነው፤ ለሚሮጥ ልጅ ይህ አድካሚ ነው።

ሰፊ አፐርቸር ዋጋ አለው። በ50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8፣ 2 ሜትር ርቀት ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 11 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። 1 ሜትር ላይ ወደ 3 ሴንቲሜትር ይወርዳል፤ አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ሊደበዝዝ ይችላል። ስለዚህ ፎከሱ ለእኛ የቀረበው ዓይን ላይ ይሁን። ሁለት ወንድማማቾች ከሆኑ ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ ትከሻ ለትከሻ እናስቀምጣቸውና አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 2.8 ወይም 4 እናጥብበው።

ማታ ከሆነስ?

ከመግሪብ በኋላ ማንሳት ግድ ከሆነ ልጁን ወደ አምፖሉ እናቅርበው። ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ሲቀርብ ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል። አገራችን ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ከታዩ ሸተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ እናድርገው። መብራት ሲጠፋ የሁለተኛ ስልክ ባትሪ ብርሃንን ወደ ልጁ ዓይን ሳይሆን አጠገቡ ወደተሰቀለ ነጭ አንሶላ እናብራ። ከአንሶላው የሚመለሰው ብርሃን ለስላሳ ነው።

ካሜራው ላይ ያለው ትንሹ ፍላሽ ፊቱን ጠፍጣፋ፣ ዓይኑን ቀይ ያደርጋል። ልጁ 1 ሜትር ላይ፣ ግድግዳው 3 ሜትር ላይ ከሆነ ግድግዳው የሚያገኘው የልጁን አንድ ዘጠነኛ ብቻ ስለሆነ ልጁ ዋሻ ውስጥ ያለ ይመስላል። የሚዞር ፍላሽ ያለው ሰው ነጭ ኮርኒስ ወይም ነጭ ግድግዳ ላይ ያብራ። የጠቆረ የሣር ጣሪያ ላይ ማብራት ግን ትርፉ የባትሪ ማለቅ ነው።

ስለ ፊታችን ቀለም

ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። የዒድ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ልጅ ሲያይ «በዝቷል» ብሎ ያጠቁራል፤ ልብሱ ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱም ይጠፋል። ስልክ ላይ ፊቱን ነክተን የብርሃኑን ምልክት ትንሽ ወደ ላይ እንሳበው፤ ካሜራ ላይ ደግሞ ወደ መደመር እናዙረው። የበር ብርሃን ለስላሳ ስለሆነ ፊቱ ሲፈካ ነጩ ልብስም ዝርዝሩን አያጣም።

ይህ ችግር የእኛ ቆዳ ችግር አይደለም። ኮዳክ ለረጅም ዘመን የቀለም ፊልም ኅትመት ይስተካከል የነበረበትን የናሙና ካርድ ያዘጋጅ የነበረው በነጭ ሴቶች ፎቶ ነበር። ጎግልም ጠቆር ያለ ቆዳን በትክክል ለማሳየት ያለመውን አሠራር በስልኩ ላይ ያስተዋወቀው በ2021 ነው። «እኛ ፎቶ አይወጣልንም» የምትል ታናሽ እህት ካለችን ይህን እንንገራት፤ ከዚያ በር አጠገብ አስቀምጠን እናሳያት።

አደቡና አማናው

ፎቶ በማንሳት ላይ ዑለማ ተለያይተዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒይ መፍቀዳቸውን በሪሳላ ጽፈዋል። እንደ ሸይኽ ኢብኑ ባዝና ሸይኽ አል-አልባኒይ ያሉት ደግሞ ከአስፈላጊ ጉዳይ ውጪ አጥብቀው ከልክለዋል። ለመፍረድ የምንበቃ እኛ አይደለንም። የምንሄድበት ቤት ባለቤት የሚከተለውን ዓሊም አቋም እናክብር፤ አያት «ተዉት ልጆቼ» ካሉ ይቅር።

ሲፈቀድ ደግሞ ፎቶው አማና ነው። ከማንሳታችን በፊት ወላጅን ወይም አሳዳጊን እንጠይቅ። ልጁ ለብሶ፣ አፍንጫው ተጠርጎ ይነሳ፤ ራቁቱን የሚታጠብ ሕፃን «ሲያሳሳ» ተብሎ አይነሳ። ከኋላ ሒጃብ ያልለበሰች እህት ወይም እናት አለመኖሯን እንይ። ለእናቱ የተነሳ ፎቶ ለእናቱ ይላክ፤ የእኛ ፕሮፋይልም ቲክቶክም ላይ አይውጣ። ልጁ አድጎ ሊከለክለን የማይችለውን ነገር ዛሬ በስሙ አንበትን። አይተን ስንደሰት «ማሻአላህ፣ ባረከላሁ ፊህ» እንበል።

ልጁን «ሳቅ፣ ሳቅ» እያልን አናስጨንቀው። በርከክ ብለን ዓይናችንን ከዓይኑ እኩል እናድርግ። ሉሑን ወይም ቃዒዳውን ሰጥተን «እስኪ ዛሬ ምን ቀራሽ?» እንበላት፤ ስትቀራ በተከታታይ አሥር ፎቶ እናንሳ፣ አንዱን እንምረጥ። ስንልክ በቴሌግራም እንደ ፋይል እንላክ፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ መጠኑ ይቀንሳል፣ ጥራቱም ይወርዳል። ከተማ ስንወርድ የተመረጠውን አሳትመን ከፍ ባለ ቦታ፣ ከእርጥበት ርቆ፣ አልበም ውስጥ እናስቀምጠው። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል።

ካሜራ ያላችሁ የጀመዓችን አባላት ከመበተናችን በፊት ለሌላቸው እህትና ወንድሞች አንድ ከሰዓት በኋላ ሰጥታችሁ ብታለማምዷቸው መልካም ነው። የሚያስፈልገው አንድ የዶርም በር፣ አንድ ነጭ አንሶላና የሚቀመጥ ሰው ብቻ ነው።

አላህ በስደት ያሉትን እናቶችና አባቶች ከልጆቻቸው ጋር በሰላም ያገናኝልን፤ ፈተናችንንም ያግራልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።